ሥራ ፍለጋ ሀዋሳ ለምትመጡ፦ ኤጀንሲውንም ሽሮ ቤቱንም አይቻቸዋለሁ

ሁለት ቦታዎችን አንድ ላይ ነው የምገመግመው። አንዱ ሥራ አገናኛለሁ የሚል ኤጀንሲ ነው። ሌላው ሽሮ ቤት ነው። ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ደንበኛቸው አንድ ነው፤ ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ የወረደ፣ ሀዋሳ ውስጥ ዘመድ የሌለው፣ የያዘው ብር በየቀኑ እየሳሳ የሚሄድበት ሰው። እኔም ከደሴ ስመጣ እንደዚያው ነበርኩ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፣ አሁን አንድ መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ፣ ሥራውን ያገኘሁት ደግሞ ሽሮ ቤቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለማን እንደማደላ ከወዲሁ ይታወቅ። ሽሮ ቤቱም ቢሆን የሚነቀፍበት ነገር ሞልቷል፣ እመጣበታለሁ።

ከኤጀንሲው ልጀምር። ስሙን አልጠራም፣ እሱን የሚመስሉ ብዙ ናቸው። ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ "አስቸኳይ" የሚል ወረቀት በወረቀት ላይ ተለጥፏል፦ ካሸር፣ አስተናጋጅ፣ ሞግዚት፣ ሾፌር፣ ጥበቃ፣ ሴልስ። ገብታችሁ ስትቀመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ የመመዝገቢያ ከፍለሃል ወይ ነው። ከዚያ ፎርም ትሞላላችሁ። ከዚያ ሥራ ሲገኝ ከመጀመሪያው ደመወዝ ይህን ያህል ፐርሰንት እከፍላለሁ ብላችሁ ትፈርማላችሁ። ከዚያ "እንደውላለን" ተብላችሁ ትሸኛላችሁ።

አይደውሉም ካልኩ እዋሻለሁ። ደውለዋል። አንዴ ካሸር ይፈልጋል ወደተባለ ካፌ ላኩኝ፣ ባለቤቱ የሚፈልገው ሴት አስተናጋጅ ነበር። ሌላ ቦታ ስሄድ ሰው ከተቀጠረ ቆይቷል፣ ማስታወቂያው ግን ኤጀንሲው በር ላይ እንደተለጠፈ ነው። የሌሊት ጥበቃም አቀረቡልኝ፣ ደመወዙ ግን ከቤት ኪራይ ተርፎ ምሳ አይገዛም። የባጃጁ ሂሳብ በራሴ ነበር፣ ለእነሱ ምን ቸገራቸው።

እሱንም ችዬው ነበር። ያበሳጨኝ የዲግሪህ ኦርጅናል እዚህ ይቀመጥ ያሉኝ ነገር ነው። ለምን ስላቸው "ሥራ አግኝታችሁ ኮሚሽን ሳትከፍሉ ትጠፋላችሁ" አሉኝ። አልሰጠሁም። ሰጥተው ለማስመለስ ሲመላለሱ ያየኋቸው ልጆች ግን አሉ፣ አንዷ ሌላ ቦታ ጥሩ ሥራ አግኝታ ኦርጅናሉን አምጪ ስለተባለች ለኤጀንሲው ያላገናኛትን ሥራ ኮሚሽን ከፍላ ነው ወረቀቷን ያወጣችው። እባካችሁ ኦርጅናል አትስጡ። ኮፒ በቂ ነው፣ ለማመሳከር ከፈለጉ አሳይታችሁ መልሳችሁ ያዙ።

ሕጉንም ልንገራችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዲቀበል አይፈቅድም። የሚከፍለው ሰው የፈለገው ድርጅት ነው። ይህን ለኤጀንሲው ልጅ ብነግረው ሳቀብኝ። "ወንድሜ፣ አዋጁ የቢሮ ኪራይ ይከፍልልኛል?" አለኝ። እውነቱን ለመናገር መልሱ አስቆኛል፣ ብሬን ግን አልመለሰልኝም።

በነፃ መመዝገብ የምትፈልጉ በየክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አለ። ወረፋው ትዕግሥት ይፈልጋል፣ መታወቂያም ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ነው ከሌላ ክልል የመጣ ሰው የሚቸገረው። ከመጣችሁበት ቀበሌ መሸኛ ሳትይዙ ከመጣችሁ የነዋሪነት መታወቂያ ማውጣት ራስ ምታት ነው። ፋይዳ ካላችሁ ባንክ ሒሳብ ለመክፈትና ሲም ለማውጣት ይጠቅማችኋል፣ መሸኛውን ግን አይተካም። ቤታችሁ ሳላችሁ ጨርሳችሁ ኑ። ሌላው፣ የክልሉ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው። ገበያው፣ ባጃጁ፣ ሆቴሉ በአማርኛ ይሄዳል፤ የክልሉ መንግሥት መሥሪያ ቤት መቀጠር የምታስቡ ግን ይህን አስቡበት።

አሁን ወደ ሽሮ ቤቱ።

ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሰሌዳ የለውም። የቆርቆሮ በር፣ በሩ ላይ የላስቲክ መጋረጃ፣ ውስጡ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ የባንክ ካሌንደር። ሰው ሁሉ "እትዬ ጋ" ነው የሚለው። እትዬ ራሳቸው በልጅነታቸው ከሶዶ መጥተው ሰው ቤት ተቀጥረው ነው ሀዋሳን የለመዱት፣ ስለዚህ የመጤን ፊት ከበሩ ያውቁታል። እኔ ገና አንድ ተጋቢኖ አዝዤ ሳልጨርስ "ከየት ነህ የኔ ልጅ?" ብለውኛል።

ምግቡ እንዴት ነው? መካከለኛ። ጓደኞቼ ይህን ሲያነቡ ይቆጡኛል፣ ግን መካከለኛ ነው። ተጋቢኖው ግን ከመካከለኛ በላይ ነው፣ እየፈላ በሸክላ ይመጣል፣ ዳጣው ጎን ላይ ይቀርባል። ለዳጣው ተጠንቀቁ፣ የሰሜን ሰው ሚጥሚጣ እችላለሁ ብሎ የሚገባበት ዓይነት ነገር አይደለም፣ ነጭ ሽንኩርቱና ቃሪያው አንድ ላይ ነው የሚመጣባችሁ። ምስሩ ቀጭን ነው። ፓስታ በእንጀራው ጥሩ ነው፣ ዘይቱ ቢበዛም። እንጀራው ሰርገኛ ነው፣ አንዳንድ ቀን ሩዝ እንደተቀላቀለበት አፍ ያውቀዋል፣ የጤፍ ዋጋ ሲሰቀል ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም አለ፣ የማይጾም ደግሞ እንቁላል ፍርፍር ያገኛል፣ ማንም ማንንም አያይም። ቆጮ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው፣ ቶሎ ያልቃል።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፣ ይህን እስክታነቡት ይለወጣል። እንዲህ ልበላችሁ፦ ፒያሳ አካባቢ አንድ ምሳ በምትበሉበት ብር እዚህ ምሳም እራትም ትበላላችሁ። ዋናው ነገር ግን ኮንትራቱ ነው። ወር ሙሉ በቀን ሁለቴ ትበላላችሁ፣ ወሩ ሲያልቅ ትከፍላላችሁ። ስማችሁ ደብተር ላይ ይሰፍራል፣ በበላችሁ ቁጥር ጭረት ይደረጋል። ሥራ ያለው ሰው ደመወዝ ሲገባለት በቴሌብር ይልካል። ሥራ የሌለው ደግሞ መጀመሪያ ግማሹን ያስይዛል፣ ቀሪውን እትዬ ዓይተው ይወስናሉ። ምን እንደሚያዩ አላውቅም። እኔን ያዩኝ ይመስለኛል ሰሃኔን ራሴ አንስቼ ወደ ጓዳ ስመልስ ነው፣ ምክንያቱም ያን ቀን ነው "ይቺን ወር ዝም ብለህ ብላ፣ ሥራ ስታገኝ እንተሳሰባለን" ያሉኝ።

ደብተሩ ከሽሮው ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው። ከተማው ውስጥ የሥራ ማስታወቂያ አልጠፋም። ቴሌግራም ላይ ሞልቷል፣ ግድግዳ ላይ ሞልቷል። የጠፋው "እሱን አውቀዋለሁ" የሚል ሰው ነው። ስቶር ኪፐር፣ ካሸር፣ ሾፌር፣ ሴልስ፣ ገንዘብ ወይም ዕቃ የሚነካ ሥራ ሁሉ ዋስ ይጠይቃል። ዋሱ ደግሞ ተራ ሰው አይሆንም፣ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙ የተጻፈበት ደብዳቤ ማምጣት አለበት። ዘመድ ያለው ሰው አጎቱ ጋ ይሄዳል። ከደሴ የመጣ ሰው ማን ጋ ይሂድ? ኤጀንሲው በዚህ ላይ ምንም አይረዳችሁም። "ዋስ አለህ?" ይላችኋል፣ የለኝም ስትሉ ወደሚቀጥለው ሰው ይዞራል።

የእኔ ነገር እንዲህ ሆነ። እራት ላይ እትዬ አጠገቤ ቆመው "አንተ ልጅ ከሳህ፣ ገና አላገኘህም እንዴ?" አሉኝ።

"ገና ነኝ እትዬ።"

"ምንድን ነው የምትችለው?"

"ሒሳብ ነው የተማርኩት። ፒችትሪም ችያለሁ፣ ኤክሴልም እሠራለሁ።"

ፒችትሪው (የሒሳብ ሶፍትዌር ነው) ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ዞር ብለው ጥግ ላይ ለሚበላ የአይሱዙ ሾፌር "ያ የምትጭኑበት መጋዘን ልጁን አባረሩት አላልከኝም?" አሉት። በማግሥቱ ሾፌሩ በጋቢና ወስዶ ከአለቃው ጋር አገናኘኝ። ፈተና ሰጡኝ፣ አለፍኩ፣ ከዚያ የማይቀረው መጣ፦ ዋስ። ተመልሼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሽሮ ቤቱ ውስጥ ምሳ የሚበሉ አንድ መምህር አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ከእኔ ጋር ከሰላምታና ከኳስ ወሬ ያለፈ ነገር አልነበረንም። እትዬ ሄደው ምን እንዳሏቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ "እኔ ለእሱ ለእርስዎ ዋስ ነኝ፣ እርስዎ ለመሥሪያ ቤቱ ይሁኑለት።" ጋሼ ትንሽ አሰቡ። ማሰባቸውም ልክ ነው፣ ዋስ መሆን ቀልድ አይደለም፣ እኔ ብሰርቅ ከእሳቸው ደመወዝ ነው የሚቆረጠው። ከዚያ "እስቲ መታወቂያህን አሳየኝ" አሉ፣ አዩት፣ ደብዳቤውን አጻፉልኝ።

ኮሚሽን የጠየቀኝ የለም። ሾፌሩን ምሳ ልጋብዝህ ብለው ራሱ ከፈለ።

ማታ ማታ ቤቱን የሚሞሉት የፓርኩ ልጆች ናቸው። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ተመርቆ ሲከፈት ከየገጠሩ ሴት ልጆች በብዛት የመጡት ለእሱ ነው፣ ልብስ ስፌት። እትዬም ሽሮ ቤታቸውን ወደዚህ ያዞሩት ያኔ ነው። ከዚያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ከ2014 ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ስታስወጣ፣ ከዚያ በፊትም ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፓርኩን ለቆ ሲወጣ፣ ደብተሩ ግማሹ ባዶ ሆኖ ነበር ይላሉ። ያልከፈሉ ሄዱ፣ አንዳንዶቹ ዓረብ አገር ገብተው ከዚያ ላኩላቸው፣ አንዳንዶቹ አልላኩም። "ያልላኩት አልተመቻቸውም ማለት ነው" ይላሉ። እኔ እንዲህ ማሰብ እችል እንደሆነ እንጃ።

ፓርክ ለመግባት የምታስቡ፣ ሽሮ ቤቱ ለመረጃ ከየትኛውም ቦታ ይሻላል። የትኛው ሼድ ኦቨር ታይም በትክክል እንደሚከፍል፣ የትኛው ሱፐርቫይዘር አፉ እንደሚከፋ፣ የትኛው ምሳ እንደሚያበላ ልጆቹ ሳትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። ቤዚክ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ሰው የሚኖረው ከኦቨር ታይምና ከቦነስ ጋር አዳምሮ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ይላል እንጂ ራሱ ቁጥር አላስቀመጠም። የተቀመጡት ቁጥሮች ግን ይታወቁ፦ በሳምንት 48 ሰዓት፣ የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን፣ ኦቨር ታይም ቀን ላይ ከተሠራ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። እነዚህን ቁጥሮች እኔ ያወቅኳቸው ከትምህርት ቤት ሳይሆን እዚያ አግዳሚ ላይ ከአንዲት የመስመር መሪ ነው፣ የደመወዝ ወረቀቷን እንጀራው አጠገብ ዘርግታ በስልኳ ካልኩሌተር እየመታች ነው ያስረዳችኝ፣ ያኔ ነው የተማርኩት ዲግሪ ምን ይሠራል ያልኩት።

ለሴቶች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከሺፍት ወጥቶ በጨለማ ወደ ቤት መሄድ ያስፈራል፣ ቀማኛም አለ ለካፊም አለ። እትዬ ቤቱን የሚዘጉት የመጨረሻዋ ልጅ የምታውቀው ባጃጅ ሲመጣላት ነው። የታርጋውን ቁጥር ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ሾፌሩ እንዲሰማ። ይህ አገልግሎት ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

ከኤርትራ የመጣ አንድ ልጅም አለ፣ ስልክ ጠጋኝ ነው፣ በሩ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይሠራል። የእሱ መንገድ ከእኔ የከፋ ነው። እኔ ቢያንስ መሸኛ አለኝ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ሠርቶ እንዲኖር ይፈቅዳል፣ ወረቀቱን በእጅ ማስገባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሲመላለስ ዓይቼዋለሁ። ኤጀንሲዎቹ የስደተኛ መታወቂያ ሲያዩ ፎርሙን መልሰው ያጥፉታል። እትዬ ጠረጴዛውን በነፃ ነው የሰጡት፣ በለውጡ የቤቱን ሁሉ ስልክ ይጠግናል፣ ቴሌቪዥኑንም ጭምር።

ቤት ኪራይም እዚያው ይገኛል። ደላላ ሳይሆን ደንበኛ ነው የሚያወራው፣ እነ እገሌ ግቢ ሰርቪስ ክፍል ተለቀቀ ይባላል፣ ምሳ በልታችሁ ሄዳችሁ ታያላችሁ። ስታዩ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ መብራት ቆጣሪው የጋራ መሆኑን፣ የግቢ በር ስንት ሰዓት እንደሚቆለፍ ጠይቁ፣ የሺፍት ሠራተኛ በር ተቆልፎበት ውጭ ያድራልና። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፣ ክልሎች ተግባራዊ በሚያደርጉባቸው ከተሞች ማለት ነው፣ አከራዮች ግን ከዚያ በላይ ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። አጎበርም ግዙ። ከደጋ የመጣ ሰው ወባን እንደ ተረት ነው የሚሰማው፣ ሐይቅ ዳር እንዳላችሁ አትርሱ።

እሺ፣ ነቀፌታው። ጭሱ። ማድቤቱና መመገቢያው የሚለያዩት በመጋረጃ ነው፣ እንጨቱ እርጥብ የሆነ ቀን ዓይናችሁን እያሻሻችሁ ነው የምትበሉት፣ ልብሳችሁ ማታ ድረስ ይሸታል፣ ለኢንተርቪው የምትሄዱበት ቀን እዚያ ቁርስ አትብሉ። መጸዳጃው ከጓሮ ማዶ ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃ። እጅ መታጠቢያው ጄሪካን ነው፣ ሳሙናው ሁሌ ያለቀ ነው፣ ይህን እንኳ ማስተካከል አያቅትም ነበር። ሺፍት ሲቀያየር መቀመጫ አይገኝም። ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲኖር ቴሌቪዥኑ ጆሮ ያደነቁራል፣ የአርሴናል ደጋፊ ከሆናችሁ ደግሞ የመሸነፍ ቀን አትሂዱ።

ሌላው ደግሞ የእትዬ ምላስ። ደግ ናቸው፣ ግን ዕዳ ያለበትን ሰው በሰው ፊት ስሙን ይጠራሉ። "አንተ ባለ ጃኬቱ፣ ወሩ ገባ!" ብለው ሲጮሁበት መሬት ተከፍታ ብትውጠው የተመኘ ልጅ ዓይቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ አልመጣም። ይህን ነገር ነግሬያቸዋለሁ። "እሱ ካፈረ እኔ ጤፍ በምን ልግዛ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ግን አሁንም ልክ አይመስለኝም፣ ወደ ጎን ጠርቶ መናገር ይቻላል። ወሬም አለ፣ ሁሉም ሰው የሁሉንም ጉዳይ ያውቃል፣ ገመናዬን ማንም እንዳይነካብኝ የምትሉ ዝምተኞች ይከብዳችኋል። ሥራ የቀየርኩ እንደሆነ አለቃዬ ሳይሰማ ሽሮ ቤቱ ይሰማል።

ለማን ይሆናል? ገና ለመጣ ሰው፣ ወር በወር ለሚኖር ሰው። ፋሚሊ ይዛችሁ ለመዝናናት ከሆነ አትሂዱ፣ ለዚያ ሐይቁ ዳር ስንት ቦታ አለ። ዓሣም አይሠሩም። ዓሣ ካማራችሁ ጠዋት አሞራ ገደል ውረዱ፣ ቆሮሶውን እዚያው ጠብሰው ይሰጧችኋል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ አጠገባችሁ ቆመው እንደ ገቢዎች ተቆጣጣሪ ያዩአችኋል።

ከምሳ በኋላ ቡና አለ። ጀበናው ሳይደርስ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ብትሄዱ አታገኙም። አንድ ሲኒ ይዛችሁ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ፣ ሾፌሮቹ የሚቀመጡት እዚያ ነው፣ የት መጋዘን፣ የት ሳይት፣ የት ዱቄት ፋብሪካ ሰው እንደሚፈለግ የሚያወሩትም ያኔ ነው። የትምህርት ማስረጃችሁን ኮፒ በላስቲክ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሽሮ እንዳይነካው። እትዬ ስትገቡ ከየት ናችሁ ብለው ከጠየቁ በደንብ መልሱላቸው፣ ምን እንደምትችሉም አብራችሁ ተናገሩ። ለኮንትራት የምትመጡ ደግሞ ወር መጨረሻ ላይ አትምጡ፣ ያን ሰሞን ደብተሩን እያሳደዱ ስለሚውሉ አዲስ ሰው አይመዘግቡም።